ኮከቡ በወደቀበት ምሽት የሰጠሁት ምስክርነት

ቅዳሜ፣ የዒድ ጠዋት

አላየኋትም። ይኸው ጻፍኩት።

ውጭ "አላሁ አክበር" የሚለው ተክቢራ ይሰማል። ሚስቴ አሚና አዲሱን ሽርጤን አጣጥፋ አልጋው ላይ አኑራልኛለች። "ፍጠን፣ ሶላቱ ያመልጥሃል!" ብላ ሁለት ጊዜ ጮኻለች። እኔ ግን ከመጽሐፍ ጥረዛ በተረፈኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ አቀርቅሬ ይህን እሞነጫጭራለሁ። በአማርኛ የምጽፈው እቤታችን ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ ስለሌለ ነው። ሌባም ይህን ያህል አይጠነቀቅ።

ትናንት ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ነበር። ጨረቃ ከታየች ዛሬ ዒድ፣ ካልታየች አንድ ቀን ጨምረን ሠላሳ እንሞላለን። እንደ ልማዳችን ሼህ ኢብራሂምን ክንዳቸውን ይዤ ጣሪያ ላይ አወጣኋቸው። ቁርኣን ያስቀሩኝ፣ ንባቡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ያስቀሩትም እሳቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የዚህን ከተማ፣ የሐረርን ጨረቃ ያዩ ሰው ናቸው፤ ዳኛችን ቃዲው ከሳቸው ቃል በፊት የማንንም አይሰማም። ለዒድ ግን ምስክር ሁለት መሆን አለበት። ሁለተኛው ከሦስት ዓመት ወዲህ እኔ ነኝ። ዓይኑ ስል ነው ይሉኛል። ጠራዥ ነኝና የሰፈሩ ሴቶች ክር እንዳስገባላቸው መርፌያቸውን የሚልኩት እኔ ዘንድ ነው።

ፀሐይ ጠለቀች። በምዕራብ፣ ከሸዋ በር ማዶ የሰኔ ደመና ተደርድሯል፤ በመሀሉ አንዲት ጠባብ ክፍተት አለች። በየጣሪያው ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያች ክፍተት አፍጥጧል። ያኔ ከኋላችን ብርሃን ሆነ። የፋኖስ አይደለም፣ የመብረቅም አይደለም። የገዛ ጥላዬ ከፊቴ ግድግዳው ላይ ተነጠፈ። ዞርኩ። ሁሉም ዞረ። ከቆንዱዶ ተራራ በላይ የተነሳ የእሳት ኳስ ወደ ኤረር ቆላ ይወርዳል፤ ፊቱ ነጭ፣ ዳሩ አረንጓዴ፣ ጭራው እንደ ጋለ ብረት የቀላ። ፍንጣሪው ይረግፋል። ድምፅ የለውም። ለሁለት ተከፈለና ጠፋ። ጭሱ ግን እንደ ተጣመመ ገመድ ሰማዩ ላይ ቀረ። ፋቲሓን ሦስት ጊዜ ለመቅራት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ከወደ ቆላው ጉም ጉም የሚል ድምፅ መጣ፤ የከተማው ውሻ ሁሉ አበደ። እኔ "ሱብሃነላህ!" እያልኩ አፌን እንደ ከፈትኩ ቀረሁ።

ወደ ምዕራብ ስመለስ ክፍተቷ ተዘግታለች።

ሼህ ኢብራሂም አልዞሩም ነበር። ፊታቸውን ወደ ሸዋ በር እንዳደረጉ እንባቸው ይወርዳል። "አየኋት!" አሉ። "ግድግዳውን ሁሉ አበራችው። እንዲህ ደምቃ አይቻት አላውቅም። አንተስ ልጄ፣ አየሃት?"

የመጀመሪያ ቀን ጨረቃ ግድግዳ አታበራም። ፀጉር ናት። ሼሁ ያዩት የምኑን ብርሃን እንደሆነ እዚያው ገባኝ። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ደረጃውን በእግራቸው እየዳበሱ ነው የወጡት። በየጣሪያው ያለው ሰው አሁን እኛን ያያል።

"አዎ" አልኩ።

ከዚያ ቃዲው ፊት ቀረብን። "በአላህ ስም እመሰክራለሁ" አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከበሮ ተመታ፣ ሴቶቹ እልል አሉ።

አሚና ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችኝ። ልሂድ።

ቅዳሜ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ዛሬ የበላሁት፦ ሥጋ፣ የአብሽ መረቅ፣ ሐልዋ በአራት ቤት፣ እንደገና ሥጋ። አንዱም አልጣፈጠኝም። እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም፤ በዒድ ቀን የማይበላ ሰው ምን ሆነህ ነው ይባላል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጣሪያ ላይ የነበረ ሁሉ እሳቱን ለማየት መዞሩን ያውቃል፤ ስለዚህ እኛ ሁለታችን ብቻ ያልዞርን ሆንን። መስጊድ በር ላይ አንድ ሥጋ ሻጭ ግንባሬን ሳመኝ። "ሰማይ ሲቀደድ እንኳ ዓይኑን ከአዲሷ ጨረቃ፣ ከሒላል ያልነቀለ ሰው!" ብሎ ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ አሳየኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አመሻሽ ላይ ብቻዬን ጣሪያ ወጣሁ። ሰማዩ ጠርቷል። ጨረቃዋ አለች። ልክ እንደ ፀጉር ነበረች። የሁለተኛ ቀን ጨረቃ ብትሆን ወፈር ትል ነበር፣ ቆየትም ትል ነበር። ይቺ ግን ብቅ ብላ ጠፋች። ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ዓይኔን ሦስት ጊዜ አሸሁ። አልተሳሳትኩም።

ከጎን ጣሪያ አንዲት ሴት "ምነው ቀጠነች?" ስትል ሰማሁ። ባልዋ "ሁለት ሰው አይቷታል እኮ፤ ያውም አንዱ ዩሱፍ ነው" አላት። እሷም ዝም አለች። በእኔ ስም ዝም አሰኛት።

እሁድ

ቀኑን ስንት ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ለከተማው ከረመዳን ቀጥሎ የሚመጣው ወር፣ ሸዋል ሁለት ነው። ለእኔ አንድ።

አሚና ሌሊት ተነስታ ስሑር በልታለች። የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጀምራለች። ከተማችን ውስጥ የማትጾም ሴት ጥቂት ናት፤ ስድስቱ ሲያልቅ የሸዋል ዒድ ይከበራል፣ ልጃገረዶቹ ከአሁኑ ልብሳቸውን እያወጡ ነው። ነገር ግን የትናንትናዋ ጨረቃ የመጀመሪያዋ ከሆነች እውነተኛው ዒድ ዛሬ ነው። በዒድ ቀን መጾም ደግሞ ሐራም ነው። ይህን ላስተምራት የሚገባኝ እኔ በር ላይ ቆሜ እንዲህ አልኳት፦

"ዛሬ ዕረፊ፣ ነገ ጀምሪ።"

"ምነው?"

"ደክሞሻል ብዬ ነው።"

"የደከመህስ አንተ ትመስላለህ" ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ከተማ በጾም ቀን እንዲበላ፣ በዒድ ቀን እንዲጾም አደረግሁ። ሸይጣን ራሱ ለዚህ ሥራ ረዳት ሳይቀጥር አይቀርም ነበር።

ከሰዓት ሸዋ በር ሄድኩ። ከድሬዳዋ የመጣ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያራግፋል። ተሳፋሪዎቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። አንድ ነጋዴ በሳህን ጣፋጭ ይዞ ለቆመው ሁሉ ያድላል። "ዛሬ ነው ዒዳችን" አለ። "እኛ ጋ ማንም አላያትም፤ ሠላሳ ሞላን።" የእኛ ሰዎች ሳቁበት፦ "እናንተማ ኮከብ ስታዩ!" አንዱ ትከሻዬን ያዘና ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ። "ይኸውላችሁ ያልዞረው ሰው!" ነጋዴው በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ጣፋጩን አቀረበልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁራሹን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት፤ የማልፈልገውን ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤቴ ሸሸሁ።

ሰኞ

ሱቅ ከፈትኩ። ለማዘጋጃ ቤት የምጠርዘው የደብዳቤ መዝገብ ነበር። አራተኛውን የገጾች እጥፋት ከሁለተኛው ቀጥዬ ሰፋሁት። ሙጫው ከደረቀ፣ ቆዳው ከተለጠፈ በኋላ ነው ያየሁት። ዓይነ ስሉ ዩሱፍ! ቀድጄ አወጣሁት።

አቶ ተሰማ የመዝገብ ቤቱ ሹም ሊወስዱት መጡ። አያታቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ የሐረር ልጅ ናቸው። አልደረሰም ስላቸው አልተቆጡም። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"እኔ ፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሜ ነበር" አሉ። "ቀትር ነው የመሰለኝ። የሰው ፊት አንድ በአንድ ይታያል። እናቴ እቤት ሆና በመስኮት ብርሃኑን አይታ ሰማይ ተከፈተ ብላ ጸሎት ጀመረች። አንተ ግን አልዞርክም አሉ። እንዴት ቻልክ?"

"ወደ ጨረቃዋ ነበር የማየው" አልኩ።

"እኔ ብሆን አልችልም ነበር። እውነቴን ነው ዩሱፍ፣ ቀናሁብህ።"

ሌላ ውሸት። ይቺኛዋን ማንም አላስገደደኝም።

ለምን እንደዋሸሁ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ለሼሁ አዝኜ ነው እላለሁ። እሱ ትንሹ ነው። ሰው ሁሉ ስላየኝ ነው። እንደ ሕፃን ዞሬ መቅረቴን ለመሸፈን ነው። እና ደግሞ (ይህንንም ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ምን ዋጋ አለው) ጾሙ ሰልችቶኝ ነበር። ራሴን ያመኝ ነበር። ነገ በጠራራ ፀሐይ እበላለሁ ብዬ አስቤአለሁ። "አዎ" ከማለቴ በፊት አስቤዋለሁ።

ማክሰኞ

ልነግራቸው ሄድኩ። አልነገርኳቸውም።

ሼህ ኢብራሂም መደቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "ና ልጄ፣ ና አጠገቤ" አሉኝ። ስለ ጨረቃዋ ጀመሩ። "በወጣትነቴ እንኳ እንዲህ ሆና አላየኋትም። እንዴት ያለች ነበረች!" እኔ "አዎ ሼህ" እላለሁ። ሳይታወቀኝ ምንጣፉን በጥፍሬ ስፈለቅቅ ነበር።

ስወጣ ባለቤታቸው አይ ሐሊማ እስከ በር ሸኙኝ (እናቶቻችንን "አይ" ነው የምንለው)። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት አልፏል፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት፤ እኔ ነኝ እጃቸውን የምይዝ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር። በየወሩ ጣሪያ ወጥተው 'አላየኋትም' እያሉ ይወርዱ፣ 'ከእንግዲህ ጨረቃ ላላይ ነው' እያሉ ያለቅሱ ነበር። አላህ መልሶ አሳያቸው። ከዓርብ ወዲህ እንደ ሙሽራ ናቸው፤ ምግብ ይበላሉ፣ ይስቃሉ። አንተ አብረሃቸው ስላየህ አላህ ይባርክህ።"

እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እሳቸው! የእናቴ እኩያ! እጄን ነጥቄ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

እየደከመ ያለ መስሎኝ ነበር እንጂ ጨርሶ መጥፋቱን አላውቅም ነበር። ለካ ከብርሃን በቀር ምንም የማያዩ ሰው ናቸው ይዤ ቃዲ ፊት ያቆምኩት።

ረቡዕ

ለአሚና ነገርኳት።

አስቤበት አይደለም። ከሰዓት ላይ ልብስ አጥባ ስታሰጣ ራሷን አዞራት፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። "ምንም አይደል፣ አራተኛ ቀኔ ነው" አለች። "ሦስተኛሽ ነው" ስል ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ ሌላውም ተከተለ።

ያለችውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ይቀዘቅዛል። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"እሁድ ዕለት ታውቅ ነበር?" አለች።

"አውቅ ነበር። ዛሬ ዕረፊ ብዬሽ ነበር እኮ።"

"ዕረፊ! ዕረፊ ነው ያልከኝ። ሐራም ነው አላልከኝም። ዒድ ነው አላልከኝም። በዒድ ቀን ውሃ ጠምቶኝ ስውል ቆመህ አየኸኝ።"

ላነሳት እጄን ዘረጋሁ፤ ገፋችው።

"እህቴን፣ እናቴን፣ ይህን ሁሉ ሰፈር አየህ። ነገ ቃዲው ዘንድ ትሄዳለህ። አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ።" ከዚያ ተነስታ ልብሷን ማስጣቷን ቀጠለች። እስከ አሁን አላናገረችኝም። ስለ አይ ሐሊማ ብነግራት ትራራ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። አልነገርኳትም፤ በአሮጊቷ እንባ መደበቅ ይሆንብኛል።

ሐሙስ

ሄድኩ።

ቃዲው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አላቋረጡኝም። 

"ስንት ሰው በጾም ቀን እንደበላ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው ምስክር የምናስምለው።" ቀጥለውም፦ "ነገ በጁምዓ እነግራቸዋለሁ። ሁሉም በበላው ቀን ፈንታ አንድ ቀን ጾሞ ቀዷ ያወጣል። የሸዋል ዒድም በአንድ ቀን ይገፋል። አንተ ደግሞ ተውበትህ፣ ንስሐህ በሥራ እስኪታይ ድረስ በጋብቻ ኒካሕም ሆነ በክርክር ምስክር ሆነህ አትቆምም።"

የአሚና እህት ኒካሕ በሚመጣው ወር ነው። ምስክሩ እኔ ነበርኩ።

"ነገር ግን" አሉ ቃዲው፣ "ሼሁ ከእኔ መስማት የለባቸውም። ክንዳቸውን ይዘህ ያመጣሃቸው አንተ ነህ። ሄደህ አንተው ንገራቸው። አሁን።"

ከዚያ እስከ ሼሁ ቤት ያለው መንገድ ሁለት ጠባብ ተዳፋት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የሄድኩ መሰለኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው። መቀመጥ አልቻልኩም። አይ ሐሊማ ከጓዳ ወጥተው በር ላይ ደርቀው ቀሩ።

"ታዲያ ያ ብርሃን ምን ነበር?" አሉ ሼሁ።

"ኮከብ ነው ሼህ። ከኋላችን ከሰማይ የወረደ እሳት። ሰው ሁሉ ሲያወራው የሰነበተው።"

"እነሱ ሲያወሩ እኔ በጨረቃዬ ተጠምጄ አላዳምጣቸውም ነበር። ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ከየት ተነስቶ ወዴት እንደ ወረደ፣ ዳሩ አረንጓዴ እንደነበር፣ እንዴት ለሁለት እንደ ተከፈለ፣ ጭሱ ስንት እንደቆየ። ጥላዬ ግድግዳው ላይ መነጠፉን። ከዓርብ ወዲህ ያየሁትን እንዳየሁት የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

"ስለዚህ እሱን ነው ያየሁት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ጨረቃ እንዳልነበረ እዚያው ገብቶህ ነበር?"

"ገብቶኝ ነበር።"

"ዓይኔ እንደሚያታልለኝስ?"

"... መድከሙን አውቅ ነበር።"

"እና አዘንክልኝ።" ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት። "አዝነህልኝ እንደ ሕፃን እጄን ይዘህ ቃዲ ፊት አስማልከኝ! አርባ ዓመት በአንድም ቃል ሐሰት ያልመሰከርኩትን እኔን! 'ሼህ፣ ጨረቃ አይደለም' ብትለኝ ምን ይጎድልህ ነበር? አለቅስ ነበር፣ ከዚያ እተወው ነበር። ውጣ።"

ወጣሁ። አይ ሐሊማ አልሸኙኝም።

ዓርብ

ጁምዓ። መስጊዱ ሞልቶ ግቢው ላይ ሰው ተነጥፏል። ቃዲው ሊናገሩ ሲነሱ ሼህ ኢብራሂም ከመጀመሪያው ረድፍ እጃቸውን አነሱ። ሁለት ሰው ደግፎ አቆማቸው።

"ዓይኔ ከጠፋ ዓመት አልፎታል" አሉ። "ደብቄአችሁ ነበር። ጨረቃ ያልኳችሁ የኮከቡ ብርሃን ነበር። አላየሁም። አንድ ቀን አስበላኋችሁ። ለአላህ ብላችሁ ይቅር በሉኝ፣ ቀዷችሁን አውጡ።"

ተቀመጡ። ስሜን አልጠሩም። እኔን በሚመለከት አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ጉምጉምታው ተነሳ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ "ማየት ካልቻሉ ለምን ይመሰክራሉ?" አለ። ሌላው ወደ እኔ አዘንብሎ በሐዘኔታ ክንዴን መታ መታ አደረገኝ። "አንተንም አሳሳቱህ፣ ምስኪን።" የዚያ እጅ ክብደት እስከ አሁን ክንዴ ላይ አለ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ቃዲውም ምናልባት ዝም ይሉኝ ነበር። ሼሁ በሩን ከፍተውልኛል፤ መውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ተነሳሁ። 

"ሼሁ ብርሃን አይተዋል፤ ያዩትን ነው የተናገሩት" አልኩ። "ዋሽቼ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። እኔም እንደ እናንተ ዞሬ እሳቱን ሳይ ነበር። ጨረቃ አለመሆኑን እያወቅኩ አየሁ አልኩ።"

ክንዴን ሲመታኝ የነበረው ሰውዬ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ራቅ አለ። ሌላ ማንም ምንም አላደረገኝም። ስወጣ ጫማዬን ፍለጋ ጎንበስ እንዳልኩ ብዙ እግር በጎኔ አለፈ፤ አንዱም አልቆመም።

አሚና እቤት ሆና ሰምታ ጠብቃኛለች። እራት አቀረበች፣ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም አብራኝ ተቀመጠች። መረቁንም ወደ እኔ ገፋችው።

ቅዳሜ

ከተማው ይጾማል። የሸዋል ዒድ መሆን በነበረበት ቀን ወንዱ ቀዷውን ያወጣል፤ ሴቶቹ ዛሬ በከንቱ የጾሙትን እሁድ ይተካሉ፣ ቀዷቸው ይቆያል። ጊደር መጋላ ገበያ ላይ እህል የሚሰፍሩት ሁሉ ከንፈራቸው ደርቋል። አንዲት ወጣት "ልብሴን ተኩሼ ጨርሼ ነበር" ብላ ፊት ለፊቴ ተናገረችኝ። ልክ ናት። ሥጋ ሻጩ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። እሱም ልክ ነው። መርፌ የላከም የለም ዛሬ። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ መዝገቡን እንደገና ሰፋሁ። እያንዳንዱን እጥፋት ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ወደ ማታ ደጃችን ተንኳኳ። አይ ሐሊማ ናቸው፤ ሼሁን በክንዳቸው ይዘዋል። ሊረግሙኝ የመጡ መስሎኝ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሚና ናት "ግቡ፣ ግቡ" ብላ ወንበር ያመጣችው።

ሼሁ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ በዚህ ዕድሜ ጾሙ ከብዷቸዋል። አይ ሐሊማ አንዲት ቴምር መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው።

"ዩሱፍ" አሉ። "ፀሐይ ጠልቃለች?"

"አዛን ሊል ጥቂት ነው የቀረው፣ ሼህ።"

"አዛን አልጠየቅኩህም። አንተን ነው የጠየቅኩህ። ወጥተህ እይና ንገረኝ።"

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ምዕራቡ በደመና ተሸፍኗል። ለቸኮለ ሰው ጠልቃለች ያሰኛል። ቆሜ አየሁ። ደመናው ከታች በኩል ትንሽ ተቀደደና አንዲት ቀጭን ቀይ ጠርዝ ብቅ አለች። ሼሁ ከታች ፊታቸውን ወደ እኔ ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ እዚህ ሆኜ ይታየኛል።

"ገና ናት" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ፤ ቴምሯን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ።